«አማና» ያለው ሰውዬ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች እነዚህ ነን። አንደኛው ባበክር ነው፤ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ የሚኖር የጉሙዝ ሰው፣ ያኔ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ማሽላ የሚዘራ፣ ቀፎ የሚሰቅል። ሁለተኛዋ ሚስቱ ሐዋ ናት። ሦስተኛው ጌጡ ነው፤ የማኅበራችን ትራክተር ሹፌር፣ መተማ ዮሐንስ ተወልዶ ያደገ ሳቂታ ሰው። አራተኛው ጓድ ወርቁ ነው፤ የገበሬ ማኅበሩና የፍርድ ሸንጎው ሊቀ መንበር። አምስተኛዋ ባለቤቴ ዘነቡ ናት፤ እሷም የቆላው ተወላጅ ናት። የመጨረሻው እኔ ነኝ፤ ታከለ፣ ጸሐፊው። ራሴን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሁት በትሕትና አይደለም። የጥፋቱን መጨረሻ በእጄ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ነው።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ በአጭሩ ልናገር። ከበለሳ ለሰሊጥ አጨዳ በቀን ሥራ ወርጄ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በአንድ ባለእርሻ መጋዘን ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ማንበብ የሚችል ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጣቴን ጋዜጣው ላይ አድርጌ «ይቺ ማን ናት?» እያልሁ፣ አንዷን ፊደል ዛሬ፣ ሌላዋን ከሳምንት በኋላ ለቀምሁ። በሁለት ዓመት ደብዳቤ መጻፍ ቻልሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ተማሪ ሲሆን እኔ አስተማሪ ሆንሁ። ከዚያ ጸሐፊነት መጣ። ሌላ የምኮራበት ሀብትም ዘርም ስላልነበረኝ ኩራቴ በሙሉ እዚያች እስክሪብቶ ላይ ነበረ።

ቤቴ ውስጥ ደግሞ ደንብ አውጥቼ ነበር። ዘነቡ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ድንበሩ ላይ ስትነግድ ያደገች ናትና የሱዳኖችን ዐረብኛ እንደ አማርኛ ታወራዋለች። እኔ «የገበያ ቋንቋ» እለው ነበር። ልጆቼ እንዳይናገሩት ከለከልሁ። አንድ ቀን ትልቋ ልጄ ውሃ ለመጠየቅ «ሞያ» አለች። «ውሃ» ብላ እስክታስተካክል ድረስ ጣሳውን ይዤ አቆምኋት። እልኸኛ ስለነበረች ብዙ ቆመች። ያን ጊዜ ጥሩ አባት የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት በወረደበት ክረምት ነው። ከወረዳ የመጣልንን መጽሐፍ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ካለው ሮቃ ዛፍ ሥር ሆኜ አንቀጽ በአንቀጽ አነበብሁ። የብሔረሰቦች ቋንቋ ሁሉ እኩል መሆኑን የሚናገር ቦታ አለ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን የሚናገር ሌላ ቦታ አለ። ሁለቱንም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኋቸው። አንድ ቀልደኛ ሚሊሻ እጁን አወጣ።

«ጸሐፊ፣ እንዲህ ከሆነ የነባበክርም ቋንቋ እኩል ነው ማለት ነው?»

«እኩል ነው» አልሁ።

«እንዲያ ከሆነ ነገ በራሳቸው ቋንቋ ቢከሱኝ ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «እኩልነት ሌላ ነው፣ ሥራ ሌላ ነው። ሥራ የሚሠራው በአማርኛ ነው። መንግሥት ፊት መቆም የፈለገ ሰው አማርኛ ተምሮ ይቁም» አልሁ። ተጨበጨበልኝ። ባበክርም ከኋላ ቆሞ ነበርና ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጌጡ ለማኅበሩ ናፍጣ ሊያመጣ በትራክተሩ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄዶ ነበር። አራት በርሜል መረከቡን የሚያሳይ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ወደ መንደር ሲመለስ ግን ተሳቢው ላይ የነበረው ሁለት በርሜል ነው። ለምን እንደጎደለ እንዳንጠይቀው፣ ጌጡ በወባ ነድዶ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው የደረሰው። ሰው መለየት አልቻለም። በዚያው ዕለት በቃሬዛ ተሸክመን እስከ መኪናው መንገድ አደረስነው፤ ከዚያ ወደ ጎንደር ሆስፒታል ወሰዱት። ስልክ የለም፣ ክረምቱ መንገዱን ዘግቷል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ አልነበረም።

ሚሊሾቹ መንገድ መንገዱን አሰሱ። ከውይይቱ በኋላ በሦስተኛው ቀን ሁለቱን በርሜሎች ባበክር ግቢ ውስጥ፣ ሣር ተከምሮባቸው አገኟቸው። በማግሥቱ ወንዙ ጥቂት ጎደል ሲል እሱን አስረው፣ በርሜሎቹን በዋናተኛ እያንሳፈፉ አሻግረው አመጧቸው።

የማኅበር ንብረት መስረቅ በዚያ ዘመን ተራ ስርቆት አልነበረም። የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል። የእኛ ሸንጎ ቃል ተቀብሎ፣ ጽፎ፣ ከሰውየው ጋር ወደ ላይ ይልካል። ላይ ያሉት የሚፈርዱት ደግሞ በወረቀቱ ነው። ስለዚህ የዚያን ሽማግሌ ዕጣ የሚወስነው እኔ የምጽፈው ወረቀት ነበረ። ይህንን አላውቅም ነበር ልል አልችልም። በደንብ አውቅ ነበር።

ባበክር እጁ በገመድ ታስሮ ገባ። ከክንዱ ላይ የማትለየውን ትንሽ ቢላ ሚሊሻው ከነሰገባዋ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወራት። ሰውየው ዝናብ እያንጠባጠበ ለሁላችንም በየተራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

«ስምህ ማን ነው?» አለው ጓድ ወርቁ።

«ባበክር። አንቺ ታውቅ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባበክር አማርኛ የሚያውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትንሹንም ትልቁንም «አንቺ» ይላል። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ነጠላ እናምጣልዎት?» አለ ያ ቀልደኛ ሚሊሻ። ሳቁ እስኪበርድ ቆየን። በዕድሜ አባታችን የሚሆን ሰው ነበረ። እሱ ባለማወቅ «አንቺ» ሲለን ሳቅን፤ እኛ እያወቅን «አንተ» ስንለው ግን ማንም አላፈረም።

«እነዚህ በርሜሎች አንተ ግቢ ተገኝተዋል። እውነት ነው፣ ውሸት ነው?»

«አይዋ። እኔ ቤት።»

አይዋን ሁላችንም እናውቃት ነበር፤ አዎ ማለት ነው።

«የማን ናቸው?»

«ማኅበር።»

«የማኅበሩ መሆናቸውን ታውቃለህ ማለት ነው?»

«አይዋ፣ አይዋ። ማኅበር። አማና።» ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ሊያደርግ ፈለገ፤ ገመዱ ሁለቱንም እጆቹን አብሮ አመጣቸው። «እኔ አማና። አማና!»

«ይኸው አመነ!» አለ ሚሊሻው።

«ቆይ» አልሁ። ጸሐፊ ነኛ፣ ቃሉን አጣርቼ መጻፍ አለብኝ። ወደ ባበክር ዞሬ «አምና ነው የምትል? ባለፈው ዓመት?» አልሁት።

ፊቱ በራ። እሱ የተናገረውን ቃል የሚመስል ነገር ከዚያ ቤት ውስጥ ካለ ሰው አፍ የሰማው ከእኔ ብቻ ነው። «አይዋ! አንቺ አውቅ! አማና!» አለኝ።

«ከአምና ጀምሮ ነው እንዴ!» አለ ከሸንጎው አንዱ።

«ማን አብሮህ አለ? ብቻህን ነህ?» አለ ሌላው።

«ሰዋግ» አለ ባበክር። «ሰዋግ ጋራ። ሰዋግ አለ፣ ባበክር፣ አማና።»

«ሰዋግ የምትለው የት ነው ያለ? አገሩ ወዴት ነው?» አልሁት እኔ።

እንደታሰረ እጁን ወደ መተማ ዮሐንስ አቅጣጫ ዘረጋ። መተማ ዮሐንስን ካለፉ ያለው ጋላባት ነው፣ ሱዳን። ቀጥሎ ጉንጩን መዳፉ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ተደብቋል ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምሁት። እጄ ያኔ እንዴት እንደፈጠነ አሁንም ይታወሰኛል። ካርቦን አስገብቼ፣ በማላፍርበት የእጅ ጽሕፈቴ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ተከሳሹ ሲጠየቅ፣ ከአምና ጀምሮ ሰዋግ ከተባለ የሱዳን ዜጋ ጋር በመተባበር የማኅበሩን ናፍጣ መስረቁን አምኗል።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት። «ይኸው ነው ቃልህ?» ስለው «አይዋ» አለ። አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስፈረምሁት። ጓድ ወርቁ በዚያን ጊዜ ማኅተሙን በሁለት ጣቱ እያሽከረከረ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ለምሳ ቤቴ ገባሁ። ዘነቡ ወይካ የሚሉትን የደረቀ ባሚያ እየወቀጠች ነበረች።

«ሽማግሌው ምን አለ?» አለችኝ።

«አመነ። እንደሌላው ሰው አላደከመንም።»

«ባበክር? ባበክር ሰረቅሁ አለ?»

«በገዛ አፉ። ‹አማና፣ አማና› እያለ አምስት ጊዜ።»

ዘነዘናው አየር ላይ ቆመ። «ምን እያለ?»

«አማና።»

«ታከለ፣ አማና እኮ አመንሁ ማለት አይደለም። በዐረብኛ አማና አደራ ነው። የሰው አደራ አለብኝ ነው ያላችሁ።»

«የተናገረው በአማርኛ ነው» አልኋት።

«ባበክር ከመቼ ወዲህ ነው አማርኛ የሚያውቅ? ሌላስ ምን አለ?»

ልነግራት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ዓይኗ አላስቀመጠኝም። «ግብረ አበር አለው። ሰዋግ የሚባል ሱዳናዊ» አልሁ።

መጀመሪያ ሳቀች። ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በመሐል ተቆረጠና አፏን ያዘች። «ሰዋግ የሰው ስም አይደለም፣ አንተ ሰው! ሰዋግ ሹፌር ነው! ጌጡን ነው የሚላችሁ። ሹፌሩ አደራ ብሎኝ ሄደ ነው የሚላችሁ!»

«እጁን ወደ ሱዳን ነው የጠቆመ።»

«ጌጡ ቤቱ የት ነው? መተማ ዮሐንስ አይደለም?»

«ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ፣ ተደበቀ አለን…»

«ታመመ አላችሁ!» አለች። «ተነሥ። ወረቀቱ ሳይሄድ ተነሥ።»

«አንቺ ልታዢኝ ነው?»

«የገበያ ቋንቋ አላውቅም እያልህ ስትኮራ ኖርህ። ይኸው ገበያው ራሱ እጁ በገመድ ታስሮ ቢሮህ መጣልህ። ተነሥ ብዬሃለሁ!»

ዝናቡ እየወረደ ነበር። ዋልካው ጫማዬን እየመዘዘ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሄድሁ። ጓድ ወርቁ ብቻውን የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰው ከሌለ «ጋሽ ወርቁ» እለው ነበርና እንደዚያው አልሁት።

«ጋሽ ወርቁ፣ ያች ቃል ተሳስታለች መሰለኝ። አማና ማለት አደራ ነው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ዘነቡ።»

«ዘነቡ ልክ ናት» አለ።

«ያውቁ ነበር?»

«ሃያ ዓመት እዚህ አገር ነግጃለሁ። አንዲት ወረቀት ሳይፈርሙልኝ ስንት ጭነት ሰሊጥ በአማና ለሱዳኖች ሰድጃለሁ። እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ጸሐፊው እኔ ነኝ?» አለ። ድምፁን አላነሣም። «ሸንጎው የሚሠራው በምን ቋንቋ ነው? እዚያ ዛፍ ሥር ያስተማርኸን አንተ አይደለህም እንዴ?»

«በአማርኛ ነው።»

«ባለፈው ጊዜ ባስተማርኸን አማርኛ ውስጥ ‹አማና› የሚል ቃል ነበር?»

«የለም።»

«እንግዲያ የለማ» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ጓድ ወርቁ እውነቱን ልናገር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ አለኝ፦ «ስማ ታከለ። ዓመቱን ሙሉ ናፍጣ ሲጎድል ነው የከረመ። ወረዳ ሌባውን አምጣ ይለኛል። ሌባ ካላመጣሁ ሌባው እኔ ነኝ። አምስት ልጆች አሉኝ። ግን አልከለክልህም። ወረቀቱ ያው ጠረጴዛህ ላይ ነው። ሰርዝና አስተካክለህ ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ ‹ጸሐፊው ቋንቋ ባለማወቁ የተሳሳተ ቃል ጽፏል› በልና ፈርም። እኔም አትምበታለሁ።»

አንባቢዎቼ፣ ሁሉም ነገር እዚች ላይ ነው ያለው። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ብዙ ሰው ዛሬ ያን ጊዜ ያደረገውን ሁሉ በደርግ ያላክካል። እኔ የማላክክበት የለኝም። ቢሮ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ወረቀቱን ፊቴ አደረግሁ። በዚያው ሳምንት ለጸሐፊዎች ሥልጠና ጎንደር እንድሄድ ስሜ ተላልፎ ነበር። «ጸሐፊው» ብዬ ጀመርሁ። በሌላ ወረቀት ላይ ነበር የሞከርሁት። «ጸሐፊው ቋንቋ» አልሁ። «ባለማወቁ» የምትለዋን ቃል ግን እጄ እምቢ አለ። ከጋዜጣ ላይ ፊደል ለቅሜ፣ ሰው ሁሉ ያነብባል፣ ይጽፋል ብሎ ያከበረኝ እኔ፣ በገዛ እጄ ቋንቋ አያውቅም ብዬ ልፈርም? ያውም ሚስቴ አርማኝ? ያውም በዐረብኛ?

«ጌጡ በቅርብ ቀን ይድናል፤ ሲመጣ ነገሩ በራሱ ይጠራል» ብዬ ለራሴ ነገርሁት። የጀመርሁትን ቀድጄ ጣልሁ። የመጀመሪያውን ወረቀት አጥፌ ፖስታ ውስጥ አሸግሁት።

ቤት ስገባ ዘነቡ «አስተካከልህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት።

በማግሥቱ ጧት ሌላ ሹፌር ፈልገው ባበክርን በትራክተሩ ተሳቢ ላይ አወጡት። ወንዙ እንደገና ሞልቶ ነበርና ሐዋ መሻገር አልቻለችም፤ ማዶ ቆማ ትታይ ነበር። ትጣራለች፤ የወንዙ ድምፅ ድምፅዋን ዋጠው። ፖስታውን ለአጃቢው ሚሊሻ ሰጠሁ። ባበክር ከተሳቢው ላይ ሆኖ «ጸሐፊ! ጸሐፊ!» አለኝ። ቀረብሁ።

በአገጩ ወደ ቢሮዬ ጠቆመ። «ቢላ። ቢላ ሐዋ ስጥ።» ከዚያ እንደ ዘመድ አየኝ። «አንቺ ጻፍ። አንቺ ጥሩ። ቢላ አማና።»

አሁን ቃሏን አውቃታለሁ። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ፖስታው ገና ከእጄ አንድ ክንድ አልራቀም። «መልሰው» ማለት ብቻ ነበር። አፌን ከፈትሁ።

«እሺ፣ እሰጣታለሁ» አልሁት።

ትራክተሩ ሄደ።

ወንዙ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ጎደለ። በጎደለ ቁጥር ቢላዋን አነሣና መልሼ አስቀምጣለሁ። ሐዋ ዓይኔን አይታ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ዘነቡ «ልውሰድላት» ስትለኝ «እኔ ነኝ አደራ የተሰጠኝ» ብዬ ከለከልኋት። በመስከረም መጨረሻ ራሴን አደፋፍሬ ተሻገርሁ። ጎጆው ክፍት ነው፤ ምድጃው ውስጥ ሣር በቅሏል። ጎረቤቶቿ ከልጆቿ ጋር ድንበሩን ተሻግራ ዘመዶቿ ዘንድ እንደሄደች በምልክት ነገሩኝ። ስለሚፈሩኝ ጠጋ ብሎ ያናገረኝ አልነበረም። የባበክር ማሽላ ራሱን ደፍቶ ነበር፤ የሚጠብቀው ስላልነበረ ወፍ ወርዶበታል።

ጌጡ በጥቅምት መጣ። አጥንቱ ቀርቷል። ከመኪናው እንደወረደ ወደ መጋዘኑ ሄዶ «በርሜሎቼን ባበክር አመጣቸው?» አለ፣ እየሳቀ።

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ተሳቢው ዋልካው ውስጥ ተቀብሮብኝ እሱና ሐዋ ባይደርሱልኝ አዳሬ እዚያው ነበር። ሁለቱን አራግፌ ሣር አልብሷቸው ብዬው፣ ወንዙ ሳይሞላ ተሻግሬ ነው የመጣሁ። ፀሐይ እንዳያገኛቸው። የት አለ?»

«ታስሯል» አልሁት።

«በምን?»

የወረቀቱን ቅጂ ሰጠሁት። አነበበው። መልሶ አነበበው። «ሰዋግ?» አለ። «ሰዋግ እኔ ነኝ እኮ! እኔን ነው የሱዳን ዜጋ ያላችሁኝ?» ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን አለቀሰ። ወደ በርሜሎቹ ሄዶ ክዳናቸውን ፈተሸ። መተማ ዮሐንስ ላይ የታሰረባቸው ሽቦ እንዳለ ነው። ሁለት ወር ሙሉ መጋዘናችን ውስጥ ሲቆሙ ከእኛ አንዳችንም ክዳን አላየንም። «ይኸውላችሁ ሙሉ ናቸው!» እያለ በርሜሉን በጡጫ ይመታ ነበር። «ጠብታ አልጎደለም! ጠብታ!»

በዚያ ቀን ጻፍሁት። «ጸሐፊው ቋንቋ ባለማወቁ የተሳሳተ ቃል ጽፏል።» ፈረምሁ። ጓድ ወርቁም ቃሉን አክብሮ አተመበት። እኔና ጌጡ ይዘነው ሄድን። የተሳሳተው ወረቀት በአንድ ጧት ሄዶ ነበር፤ የተስተካከለው ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ክረምቱ ተመልሶ ሊመጣ ደረሰ። የጠየቅነው ሁሉ «አምኗል ይላል እኮ፣ ጣቱም አለበት» ይለናል። ባበክርን ያን ሁሉ ወራት የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ሰዋግ የት ነው? እሱም ከመንደራችን ሰው እንደሰማው እውነቱን ነበር የሚመልስላቸው። «ጎንደር። ሆስፒታል።» እያሾፈ መሰላቸውና ደበደቡት።

በአሥራ አንደኛው ወር ተፈታ። በእኛ መንደር በኩል ሲያልፍ ሮቃው ዛፍ ሥር አገኘሁት። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ይስላል። ቢላዋን ከነሰገባዋ ዘረጋሁለት። ተቀበለኝና ክንዱ ላይ ሊያስራት ሞከረ፤ ክንዱ ስለቀጠነ ማሰሪያዋ ላላበት።

«አንተ ነህ የጻፍኸው?» አለኝ።

«አንተ» አለኝ። እስር ቤት አማርኛ አስተምሮታል። አንዲት ስሕተት የሌለባት አማርኛ ነበረች።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

«አሁን አማርኛ አውቃለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር። አንተስ፣ የእኔን ቃል ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና ይቅር አለኝ። ያላወቀ ሰው ምን ይደረጋል ዓይነት። ከዚያ ሐዋን ፍለጋ ወደ ድንበሩ ሄደ። እኔ ያላወቅሁት ግን ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ ያለውን አሥራ አንድ ወር አውቅ ነበር። ባበክር ይቅር ያለው ያላወቀውን ሰው ነው፤ እኔን አይደለም። ይህን ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ነው። ለዘነቡም «አስተካክያለሁ» ብዬ መዋሸቴን ያመንሁላት ጌጡ ሲመጣ ነው።

በዕድሜ የምትበልጡኝም የማትበልጡኝም አንባቢዎች ሆይ፣ የማውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመንግሥት ሥራ ይህ ቋንቋ ይሁን ያ ይሁን እያሉ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። አገር በአንድ ቋንቋ መሥራቱ ወይም በአምስት መሥራቱ ጉዳዩ ይቆየኝ፤ እኔ ያን የምፈርድ ሰው አይደለሁም። እኔ የምፈርደው ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። የሥራው ቋንቋ የአንተ ከሆነ ዕዳው ያንተ ነው፤ ከፊትህ የቆመው ሰው ምን እንዳለ እስክታውቅ ድረስ እስክሪብቶህን አታንሣ። እኔ ሕጉ ለቋንቋዬ የሰጠውን ቦታ ለራሴ የተሰጠ ዕውቀት አድርጌ ወሰድሁት። አማርኛ ማወቄ የሌላውን ቃል ባላውቅም የሚያሳልፈኝ መሰለኝ። ልጆቼን ከዚያ በኋላ አልከለከልሁም። እኔም በስተርጅና ከዘነቡ ሥር ቁጭ ብዬ እንደዚያ ጋዜጣ «ይቺ ማን ናት?» እያልሁ ዐረብኛ ለመልቀም ሞክሬያለሁ። ከሐዋ ጎረቤቶች፣ ከጉሙዞቹ ቋንቋ ግን ዛሬም አሥር ቃል አላውቅም፤ የሚያስተምረኝ ሰው በአቅራቢያዬ አልቀረም።

እንግዲህ ሁሉም የከፈለው ይህ ነው። ባበክር አሥራ አንድ ወር፣ አንድ እግር፣ የአንድ ዓመት አዝመራ። ሐዋ ቤቷንና አገሯን። ወንዝ ማዶ የነበሩ ጎረቤቶቻቸው ተራ በተራ ነቅለው ወደ ዱሩ ውስጥ ገቡ፤ ከእነሱ ጋር የነበረን ማርም ሰላምታም ቀረ፤ ተሳቢ ሲቀበር የሚደርስ ሰው ከዚያ ወዲህ አልነበረም። ጌጡ የማኅበሩን ትራክተር መሪ ዳግም አልያዘም። ጓድ ወርቁ ሊቀ መንበርነቱን በራሱ ጊዜ ለቀቀና ሰው መሐል መቀመጥ ተወ። ዘነቡ የምትሰማውን ነገር ለእኔ መንገር አቆመች፤ ብዙ ዓመት አቆመች። እኔ የሥልጠናውን ወረቀት አግኝቼ ነበር፤ ስሜን የምጽፍባት እጅ ግን ከዚያ በኋላ ኮርታ አታውቅም። ማኅበሩ ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ሁለት በርሜል ናፍጣ ነው፤ እሱም ቀድሞውኑ የራሱ ነበረ።